«አሜሪካ ሄደሽ… ገጠር?!»

የፍቅር ጥያቄ የላካችሁልን ወገኖች ትንሽ ታገሱን፣ ዛሬ ተራው የትምህርት ነው። ትምህርት ስንል ግን ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጨዋታው ውስጥ አክስትም አለች፣ ቪዛም አለ፣ የበቆሎ እርሻም አለ።

የሸገር ልጅ «አሜሪካ» ሲባል ዓይኑ ላይ የሚመጣው ምን እንደሆነ ይታወቃል። ሰማይ የሚነካ ፎቅ፣ ሌሊቱን ሙሉ የማይጠፋ መብራት፣ ካልሆነም ያው የሐበሻ ምግብ ቤት የሞላበት ዋሽንግተን። ታዲያ ስንት ወር ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጦ፣ ስንት ኮሌጅ ለምኖ በመጨረሻ «ና» ያለው ኮሌጅ ያለበት ከተማ ስም ሲነበብ ቤተሰቡ እርስ በርሱ ይተያያል። ካርታ ላይ ሲፈለግ ዙሪያው እርሻ ነው። ስንዴ፣ በቆሎ፣ ከብት። ይኼኔ ነው ሳቁ የሚጀምረው።

አንዲት የ21 ዓመት ወጣት የጻፈችልን ደብዳቤ ይህንኑ ይናገራል። ስሟንም ሰፈሯንም አናወጣም።

«…ኮሌጁ ያለው ካንሳስ ውስጥ ነው። የከተማው ሕዝብ ከኛ ቀበሌ ያንሳል። ጓደኞቼ ‹አሜሪካ ሄደሽ ገጠር? ከፋራ ጋር ልትውይ ነው?› እያሉ ሳቁብኝ። ቨርጂኒያ ያለችው አክስቴ ደግሞ ‹አንቺ ብቻ ቪዛውን ያዢ፣ ኮሌጁን እርሺውና ቀጥታ ወደኔ ነይ፣ ሥራ አገኝልሻለሁ› ትለኛለች። እናቴ ግራ ገብቷት ጸሎት ይዛለች። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ከጓደኞችሽ እንጀምር፣ የነሱ ይቀላል። የካንሳስ ገበሬ ፋራ ነው ካሉ፣ ትራክተሩን በሳተላይት እየመራ የሚያርስ ፋራ ነው በያቸው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚባለውም ቢሆን ለወደቀ ተማሪ የተሠራ ማጠራቀሚያ አይደለም። በአብዛኛው የሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጅ ነው። እስካሁን ካሉት የመጀመሪያው የተከፈተው ኢሊኖይ ውስጥ፣ ጆሊየት በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ልጁ ከቤቱ ሳይርቅ የዩኒቨርሲቲውን የመጀመሪያ ሁለት ዓመት በርካሽ ይማር፣ 60 ክሬዲት ገደማ ሰብስቦ አሶሼት ዲግሪውን ይያዝ፣ ከፈለገ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ሦስተኛ ዓመት ይግባ፣ ካልፈለገ ነርስነቱን ወይም ብየዳውን ይዞ ሥራ ይጀምር። ካንሳስ ብቻ 19 እንዲህ ያሉ ኮሌጆች አሏት። ሃይላንድ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1858 የተመሠረተ ነው፣ ከተማዋ ግን ዛሬም አንድ ሺህ ሰው ቢኖራት ነው። ኔትፍሊክስ የምታዩ ልጆች «ላስት ቻንስ ዩ» የሚለውን የፉትቦል ፊልም ካያችሁ፣ እዚያ ያሉት ሚሲሲፒ ውስጥ ያለችው ስኩባ፣ ካንሳስ ውስጥ ያለችው ኢንዲፔንደንስ እንዲህ ያሉ የኮሌጅ ከተሞች ናቸው።

ገንዘቡን እንየው። ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት ለ2024–25 ባወጣው አማካይ ዋጋ፣ የሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጅ ለአካባቢው ተወላጅ በዓመት 4,050 ዶላር ነው። አራት ዓመት የሚያስተምር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሌላ ክፍለ ግዛት ለመጣ ተማሪ 30,780፣ የግሉ ደግሞ 43,350። ይኼ የትምህርቱ ብቻ ነው፣ መኝታና ምግብ ለብቻው። ልብ በሉ፣ 4,050ው የናንተ ዋጋ አይደለም! ከውጭ አገር የመጣ ተማሪ ከአካባቢው ልጅ በላይ ነው የሚከፍለው። ቢሆንም ትንሹ ከተማ ላይ ያለው ኮሌጅ ብዙ ጊዜ ከትልቁ ከተማ ይረክሳል፣ የቤት ኪራዩማ አይወራም። በዚያ ላይ የከተማ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች አብዛኞቹ መኝታ ቤት የላቸውም፣ ገጠር ያሉት ግን ብዙዎቹ አላቸው።

ትምህርቱስ? እዚህ 80 ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ለተማረ ልጅ የመጀመሪያው ድንጋጤ ጸጥታው ነው። አንድ ክፍል ውስጥ 15 ወይም 20 ሰው ብትሆኑ ነው። መምህሩ ስምህን ያውቃል፣ አንድ ቀን ስትቀር «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ይላል። ጎንህ የሚቀመጠው ጎረምሳ ጠዋት ላም አልቦ የመጣ ይሆናል። ወደ ቴክሳስ ወረድ ብትሉማ ሮዴዮ፣ ማለትም የሚፈናጠር ፈረስና ኮርማ መጋለብ፣ እንደ እግር ኳስ የኮሌጅ ስፖርት ነው። ተማሪው ፈረሱን ይዞ የሚመጣበት ኮሌጅ አለ! ሌቭልላንድ የምትባለው የምዕራብ ቴክሳስ ከተማ ያለው ሳውዝ ፕሌንስ ኮሌጅ ደግሞ በሁለት ነገር ይታወቃል፦ በካንትሪ ሙዚቃ ትምህርቱና በሯጮቹ። የኛና የኬንያ ልጆች እግር ወደነዚህ ኮሌጆች የሚያደርስ መንገድ መሆኑን ሯጭ የሆናችሁ አትርሱ።

እስከዚህ ድረስ ማሩ ነው። እሬቱን ደግሞ ቅመሱ።

አውቶቡስ የለም። ታክሲ የለም። ሳሙና ሲያልቅ ገበያው በእግር አርባ ደቂቃ ሊሆን ይችላል፣ መንገዱ ደግሞ ለመኪና እንጂ ለእግረኛ አልተሠራም። መኪና ያለው ጓደኛ እስክታገኙ ድረስ እስረኛ ናችሁ ማለት ይቻላል። ቅዳሜና እሁድ አሜሪካኖቹ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ይበትናሉ፣ መኝታ ቤቱ ጭር ይላል። ኮሪደሩ ላይ የራሳችሁን ኮቴ ብቻ ትሰማላችሁ። ሚኒሶታና አዮዋ ከሆነ ደግሞ ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ይገባል። ከሁሉም የሚብሰው ግን ማንም የማይነግራችሁ ነው፦ የፈረንጅ ገና ሲመጣ ብዙዎቹ ኮሌጆች መኝታ ቤታቸውን ለሳምንታት ይዘጋሉ። «ወደ ቤትህ ሂድ» ይባላል። የቱ ቤት? ይህንን ከመሄዳችሁ በፊት በኢሜይል ጠይቁ። አንዳንዱ ኮሌጅ ለውጭ ተማሪ ክፍል ይተዋል፣ አንዳንዱ ከከተማው ቤተሰብ ጋር ያገናኛል። እውነቱን ለመናገር የትንሽ ከተማ ሰው እንግዳ ሲቀበል እንደኛ ክፍለ ሀገር ሰው ነው፣ ምግብ ሳያቀርብ አይለቅም። ፊት የሚነሳ፣ ጥቁር ሲያይ ሱቁ ውስጥ ተከትሎ የሚዞርም አይጠፋም። ሁለቱንም ጠብቁ።

አሁን ወደ አክስትሽ።

አክስትሽ ክፉ አይደሉም፣ ለወንድም ልጅ የሚያስብ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። ነገር ግን ምክራቸው ገደል ነው። የተማሪ ቪዛ፣ ኤፍ ዋን የሚባለው፣ ባንቺና በኮሌጁ መካከል የታሰረ ገመድ ነው። አይ ትዌንቲ የሚባለው ወረቀት ላይ የተጻፈው ኮሌጅ ሄደሽ መመዝገብ አለብሽ። ትምህርቱ በተጀመረ በ30 ቀን ውስጥ ካልተመዘገብሽ ኮሌጁ ሰቪስ በሚባለው የመንግሥት መዝገብ ላይ «አልመጣችም» ብሎ ያስገባል፣ ገመዱ ተበጠሰ ማለት ነው። ከተመዘገብሽም በኋላ በየሴሚስተሩ ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ ግዴታ ነው። ሳያስፈቅዱ አንድ ኮርስ ጥሎ 9 ላይ መውረድም ያው ነው። ሥራ? ግቢው ውስጥ ብቻ፣ ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት። ከግቢ ውጭ በመጀመሪያው ዓመት ክልክል ነው፣ ከዚያም በኋላ በፈቃድ እንጂ በአክስት አይደለም። ቪዛውን ሲጠይቁ እማራለሁ ብሎ ሌላ አስቦ መሄድ ደግሞ ማታለል ይባላል፣ ከተነቃ በሩ ለሁልጊዜው ሊዘጋ ይችላል።

አንድ የምናውቀው ወጣት አለ። ቴክሳስ ውስጥ አንዲት ትንሽ ኮሌጅ ገብቶ አንድ ሴሚስተር ተማረ። ብቸኝነቱ በላው። ዳላስ ያሉ የአጎቱ ልጆች «እዚያ በረሃ ምን ትሠራለህ?» ሲሉት ሻንጣውን ይዞ ወጣ፣ ለኮሌጁ ቻው እንኳ አላለም። ነዳጅ ማደያ በጥሬ ገንዘብ ሠራ። መጀመሪያ ጥሩ ነበር፣ ጫማም ለወንድሙ ልኳል። ባለፈው ዓመት አባቱ ሞቱ። ለቅሶ መምጣት አልቻለም፣ ከወጣ መመለሻ የለውማ። እናቱ ደረታቸውን ሲመቱ በስልክ ስክሪን ነው ያየው። ይህንን የምንጽፈው ልናስለቅስሽ አይደለም፣ አክስትሽ የዛሬውን ደሞዝ ሲያስቡ የዚህን ቀን ሒሳብ ስላላሰቡ ነው።

ከአክስትሽ ጋ መኖር ከፈለግሽ ቀጥተኛ መንገድ አለ እኮ! እሳቸው ሰፈር አጠገብ ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚባል ትልቅ ኮሌጅ አለ፣ ሐበሻ የሞላበት። ከመጀመሪያው እዚያ አመልክቺ። ዋጋው ከካንሳሱ ሊበልጥ ይችላል፣ ግን የመኝታው ወጪ ይቀርልሻል። ወይም ካንሳስ ገብተሽ አንድ ዓመት ተምረሽ፣ የውጭ ተማሪዎችን ለሚከታተለው ቢሮ ነግረሽ መዝገብሽን በሕጉ ማዛወር ይቻላል። ይኼ መብት ነው፣ ማንም አይከለክልሽም።

አንዳንዱ ደግሞ «እገሌ እኮ እዚያው ገጠር ስጋ ፋብሪካ እየሠራ ነው የሚማረው» ይላል። እውነት ነው፣ ግን እገሌ ማን ነው? ሚኒሶታ ውስጥ ወርዚንግተን የምትባል 14,000 ሰው የማይሞላባት ከተማ አለች። ጄቢኤስ የተባለው ኩባንያ የአሳማ ስጋ ፋብሪካ አለባት፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ሰዎችም ይኖሩባታል። እዚያው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1936 የተጀመረ ኮሌጅ አለ፣ ዛሬ ሚኒሶታ ዌስት ይባላል። አባት ማታ ፋብሪካ አድሮ ልጅ ጠዋት ኮሌጅ የሚገባባት ከተማ ናት። ኦስቲን በምትባለው በሌላዋ የሚኒሶታ ከተማ ደግሞ የሆርሜል ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ እዚያው ሁለተኛ ደረጃ ለጨረሱ ልጆች በከተማው ኮሌጅ የትምህርቱን ክፍያ የሚሸፍን ዕድል ከፍቷል። እነዚህ ሰዎች ግን በዲቪ ወይም በስደተኝነት ገብተው የመሥራት መብት ያላቸው ናቸው። በኤፍ ዋን የሄደ ልጅ አጠገባቸው ቆሞ ቢላዋ ሊያነሳ አይችልም። ወረቀቱ ለየቅል ነው።

ሌላው ብዙዎችን ጉድ የሚሠራ ነገር መዛወሩ ነው። እዚያው አሜሪካ የተደረገ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከሚጀምሩ 100 ተማሪዎች ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የሚያልፉት 33 ያህሉ ናቸው፣ በስድስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚይዙት ደግሞ 16 ገደማ። ደነገጣችሁ? አንዳንዱ ከመጀመሪያውም ዲግሪ አልፈለገም፣ አንዳንዱ ልጅ ያሳድጋል። ብዙው ግን ክሬዲቱ መንገድ ላይ ፈሶበት ነው። እንግሊዝኛ ማጠናከሪያና መሰናዶ ሒሳብ ዲግሪ ላይ አይቆጠሩም፣ ገንዘቡ ግን ይቆጠራል። ቴክሳስ ውስጥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 42 ክሬዲት የሆነውን የጋራ ኮርስ የመቀበል ግዴታ አለባቸው፣ ሚኒሶታም 40 ክሬዲት የሆነ ተመሳሳይ አሠራር አላት። ከዚህ ውጭ የሆነውን ዩኒቨርሲቲው «አልፈልግም» ሊል ይችላል።

አዮዋ ተምራ አሁን ዩኒቨርሲቲ አራተኛ ዓመት የደረሰች ልጅ የነገረችን ዘዴ ቀላል ነው። ገና የመጀመሪያው ወር ላይ ልትገባበት ላሰበችው ዩኒቨርሲቲ ጻፈች፣ የትኛው ኮርስ እንደሚቆጠርላት በጽሑፍ አስመለሰች፣ ከዚያ ውጭ ያለ ኮርስ አማካሪዋ «አሪፍ ነው» ቢላትም አልወሰደችም። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ግን በየማታው እያለቀሰች ነበር ያሳለፈችው። ያዳናት ካፌ ውስጥ ሰሃን የምታጥብበት ሥራ ነው። «ደሞዙ ሳይሆን ሳህኑን የሚያቀብለኝ ሰው ስሜን ስለሚጠራ» ትላለች።

ኤምባሲ ስትቀርቢ «ለምን ይህንን ኮሌጅ?» መባልሽ አይቀርም። «ስለተቀበለኝ» ብለሽ ዝም ካልሽ ነገር ተበላሸ። የምትማሪውን፣ ዋጋውን፣ ማን እንደሚከፍል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የት እንደምትዛወሪ ራስሽ አውቀሽ ተናገሪ። ለሰቪስ የሚከፈለው 350 ዶላር ከቪዛው ክፍያ ለብቻው መሆኑንም ለእናትሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው። የቪዛው ደንብ በየጊዜው ስለሚቀያየር ከደላላ ሳይሆን ከኤምባሲው ገጽ ላይ አንብቢ።

በመጨረሻ ስለ ስንቅ ለጠየቅሽን፦ የካፌው ምግብ በጾም ቀን ከሰላጣና ከለውዝ ቅቤ ብዙም አያልፍም፣ የቅርቡ የሐበሻ ሱቅ ደግሞ ብዙ ሰዓት የሚያስነዳ ሊሆን ይችላል። ሽሮና በርበሬ በደንብ አሽገሽ ያዢ፣ ድርቆሽም አይከፋም፣ ፎርሙ ላይ ምግብ መያዝሽን ሙዪ። ቋንጣውን ግን እናትሽ ቢለምኑሽም ተዪው፣ ስጋ ስለማያስገቡ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይወስዱብሻል።