ብርሃን የሚያነበው ጽሑፍ

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጻፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። እኛ በእርሳስ በወረቀት ላይ እንጽፋለን። ድምፅና ምስልስ በምን ላይ ይጻፋል? ዛሬ ስለ ሲዲ እንነጋገር።

በብዙ ቤት ሲዲ አለ። በአንዱ የልጅ ሠርግ፣ በሌላው የሟች አባት ድምፅ ይገኛል።

ሲዲ ክብ ፕላስቲክ ነው። ወርዱ 12 ሳንቲ ሜትር ነው። በፕላስቲኩ ላይ ስስ አሉሚኒየም ተለብጧል። የሚያብለጨልጨው እሱ ነው። ሲዲን የሠሩት የሆላንዱ ፊሊፕስና የጃፓኑ ሶኒ የተባሉ ኩባንያዎች ናቸው። በጃፓን ለገበያ የወጣው በመስከረም 1975 ዓ.ም. ነው። ይህም በፈረንጆች 1982 ነው።

ጽሑፉ በዓይን አይታይም። እጅግ ጥቃቅን ጉድጓዶች በአንድ መስመር ተደርድረዋል። መስመሩ ከመሐል ተነስቶ እየዞረ ወደ ዳር ይሄዳል። ቢዘረጋ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። የድሮው ሸክላ ግን ከዳር ነበር የሚጀምረው።

ታዲያ ማን ያነበዋል? ሌዘር የሚባል ቀጭን ብርሃን ነው። ብርሃኑ ከሜዳው ወደ ጉድጓድ ሲገባ ወይም ከጉድጓድ ሲወጣ፣ መሣሪያው 1 ብሎ ይቆጥራል። ለውጥ ከሌለ 0 ይላል። እኛ ከ200 በላይ ፊደል ተምረናል። መሣሪያው የሚያውቀው እነዚህን ሁለቱን ብቻ ነው። በሁለቱ ግን ዘፈንም፣ ሥዕልም፣ ጽሑፍም ይጻፋል።

አንድ ሲዲ ከ200 ሚሊዮን በላይ የአማርኛ ፊደል ይይዛል። እስቲ እናስላ። አንድ መጽሐፍ 300,000 ፊደል ቢኖረው፣ ከ600 በላይ መጻሕፍት ይገቡበታል ማለት ነው።

ሲዲ ግን ይጎዳል። ስለዚህ እንዲህ እናድርግ።

1. ዳርና ዳሩን እንያዝ። ፊቱን በጣት አንንካ።

2. በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር ቀጥ አድርገን እንጥረግ። አዙረን አንጥረግ። በዙሪያ የተጫረ ጭረት መስመሩን ተከትሎ ብዙ ጽሑፍ ያጠፋል።

3. ስም የተጻፈበትን ወገን በተለይ እንጠብቅ። አሉሚኒየሙ ያለው ከዚያ ሥር ነው። ከተላጠ አይመለስም።

4. ፀሐይ ላይ አንተው። በኮምፒዩተር የተቀዳ ሲዲ የሚጻፈው በቀለም ላይ ነው። ፀሐይ ቀለሙን ታበላሻለች።

ሌላም ችግር አለ። ዛሬ የሚሸጡ ብዙ ኮምፒዩተሮች የሲዲ ማንበቢያ የላቸውም። ማንበቢያ ከሌለ ደኅናው ሲዲም ዝም ይላል። እንግዲህ የሠርጉን፣ የአባትን ድምፅ ማንበቢያ ሳይጠፋ ወደ ፍላሽ እናስገልብጥ። አንድ ቅጂ እቤት፣ አንድ ቅጂ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ።

በማኅደሩም ላይ የማን ድምፅ እንደሆነና መቼ እንደተቀዳ ጻፉበት። ሌላ ሰው መለመን ቀርቷል። አሁን እኮ እናንተው መጻፍ ትችላላችሁ።