ከወዳጅ ጋራ በምግብ ቤትና በመንገድ

የአገራችን ሰው ብቻውን መብላትን አይወድም። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለውን ብሂል ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ስለዚህም አንድ ሰው ለገበያ ወይም ለጉዳይ ከአዘና ወደ እንጅባራ፣ ከዚያም ወደ ዳንግላ ወይም ወደ ባሕር ዳር በሚወጣበት ጊዜ፣ የቀን ምሳው ምን እንደ ሆነ ከማሰቡ በፊት ከማን ጋራ እንደሚበላው ያስባል። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንነቅፈው አልተነሣንም። ልማዱ ጤናን ሳይጎዳ እንዴት ሊጠበቅ እንደሚችል ግን ጥቂት ቃል እንናገራለን።

ገንዘብ ከፍሎ በምግብ ቤት መብላት በአገራችን እጅግ የቆየ ነገር አይደለም። የቀድሞው መንገደኛ በሶውንና ዳቦ ቆሎውን ሰንቆ ይጓዝ ነበር፤ ሲመሽበትም «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ከሰው ቤት ያድር ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባ ሆቴል ባቋቋሙ ጊዜ፣ ለበሉት እህል ዋጋ መክፈል ለብዙዎቹ መኳንንት እንግዳ ነገር እንደ ሆነባቸው ይተረካል። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ሁለት ወዳጆች በልተው ሲነሡ «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» እያሉ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ነገር ግን ሒሳቡን ለመክፈል የምንታገለውን እኩሌታ ያህል እንኳ፣ ከመብላታችን በፊት ስለ እጃችን ንጽሕና አንታገልም።

እጅን መታጠብ ከምግብ በፊት ነው

በየምግብ ቤቱ የሚታየውን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ገበታው ከመቅረቡ በፊት አሳላፊው ማስታጠቢያውን ይዞ ይመጣል፤ ተመጋቢው ጣቶቹን በጥቂት ውሃ አርሶ ያራግፋል። ከበላ በኋላ ግን ሳሙና ይጠይቃል፣ ደኅና አድርጎ ያሻል፣ የወጡም ሽታ እስኪለቀው ድረስ ይታጠባል። ይኸውም ማለት ሳሙናው የዋለው ቅባቱን ለማስለቀቅ ነው እንጂ በሽታን ለመከላከል አይደለም። የተስቦ በሽታ ታይፎይድ፣ ኮሌራ፣ ተቅማጥና የአንጀት ትሎች ግን ወደ አፍ የሚገቡት ከምግብ በፊት ባልታጠበ እጅ ነው። ገንዘብ የቆጠረ፣ የፈረስ ልጓም የያዘ፣ የመኪና በር የጨበጠ፣ ከመጸዳጃ ቤት የተመለሰ እጅ በውሃ መራስ ብቻ አይጠራም።

ስለዚህ ሳሙናው በፊትም በኋላም ይምጣ። የእጅን መዳፍና ጀርባ፣ በጣቶች መካከልና ከጥፍር ሥር ያለውን ሁሉ ሳይቸኩሉ 20 ሰኮንድ ያህል ማሸት ያስፈልጋል። ከታጠቡም በኋላ ሰው ሁሉ በተፈራረቀበት ፎጣ ማድረቅ ድካሙን ከንቱ ማድረግ ነው፤ ንጹሕ ፎጣ ከሌለ እጅን አራግፎ በአየር ማድረቅ ይሻላል። ሳሙና የሌለው ምግብ ቤት ከገባችሁ ባለቤቲቱን «እትዬ፣ እባክዎ ሳሙና ያስመጡልን» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነውር የለበትም። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ ከበዛ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሳሙናው ሳይጠየቅ ይቀርባል።

ስለ ጉርሻ

ጉርሻ የፍቅርና የአክብሮት ምልክት ነው። ወዳጅ ወዳጁን «አፈር ስሆን፣ በሞቴ» ብሎ ሲያጎርስ እምቢ ማለት ከባድ ነው። እኛም እምቢ በሉ አንልም። ነገር ግን አጉራሹ የራሱን እጅ በወዳጁ አፍ ውስጥ እንደሚያኖር ያስብ። ራሱ ሲበላ ባይታጠብ ጉዳቱ የራሱ ነው፤ ሳይታጠብ ቢያጎርስ ግን በሽታውን በሚወደው ሰው ላይ ጨመረ። ስለዚህ የሚያጎርስ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የታጠበ ይሁን። ተቅማጥ የያዘው ወይም በእጁ ላይ መግል የያዘ ቁስል ያለበት ሰው ደግሞ ድኖ እስኪነሣ ድረስ ማጎረሱን ይተው፤ የሚቻል ከሆነም ምግቡ በተለየ ሳሕን ይቅረብለት። ይህ ወዳጁን ከሕመም የሚያድን አክብሮት ስለ ሆነ ማንም እንደ ንፍገት ሊቆጥርበት አይገባም።

ጥሬ ሥጋና የኮሶ በር ስም

እንጅባራ ቀድሞ ኮሶ በር በሚባል ስም ትታወቅ ነበር። ስሙ የሚያስታውሰን አባቶቻችን ለብዙ ዘመን የኮሶን ትል ለማስወጣት አበባውን ወቅጠው በውሃ ይጠጡት የነበረውን ዛፍ ነው። እስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1770 በአውሮፓ አቆጣጠር የዓባይን ምንጭ ለማየት ወደ ግሽ በመጣ ጊዜ ይህን ዛፍ አይቶ ስለ እርሱ ጽፏል። ኮሶን በየጊዜው የመጠጣት ልማድ የተስፋፋው ጥሬ ሥጋ የመብላት ልማድ ስለ ነበረ ነው፤ ሁለቱ ልማዶች እንደ ጥላና እንደ አካል አብረው ኖረዋል።

የትሉ ኑሮ እንደሚከተለው ነው። ትሉ በአንጀቱ ያለበት ሰው በሜዳ ሲጸዳዳ እንቁላሎቹ በሣሩ ላይ ይቀራሉ። ከብቱ ሣሩን ሲግጥ እንቁላሎቹ ወደ ሆዱ ገብተው በደም አማካይነት ወደ ሥጋው ይሄዳሉ፤ በዚያም እንደ ትንሽ ፍሬ ያለ ከረጢት ሆነው ይቀመጣሉ። ሰው ያን ሥጋ ጥሬውን ሲበላ ከረጢቱ ተፈትቶ በአንጀት ይጣበቃል፤ በ2 ወይም በ3 ወር ውስጥም ብዙ ሜትር የሚረዝም ትል ይሆናል። እንግዲህ በጓሮ ወይም በሜዳ የተጸዳዳ ሰው ራሱ በማያውቀው መንገድ ለሌላ ሰው ገበታ ትልን አዘጋጀ ማለት ነው። መጸዳጃ ቤት የመሥራትና በእርሱ የመጠቀም ነገር እስከ ክትፎው ድረስ የሚደርሰው ስለዚህ ነው።

ብዙ ሰዎች ሚጥሚጣው፣ አዋዜው ወይም ከሥጋው በኋላ የሚጠጣው አረቄ ትሉን ይገድላል ብለው ያምናሉ። ይህ እውነት አይደለም። ትሉን የሚገድለው እሳት ነው። ሥጋው እስከ መሐሉ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲሞቅ፣ ማለት ከውስጡ ቀይነቱ ጠፍቶ ሲበስል፣ ከትሉም ከብዙ ረቂቃን ተሕዋስያንም ይጠራል። ለብለብ የተባለው ክትፎ ላዩ ቢሞቅም ውስጡ ጥሬ ነው። የሥጋ ቁጥጥር ማኅተም ያለበት ሥጋ ከሌለበት እጅግ ይሻላል፤ ሆኖም ጥቂት ከረጢቶች ከመርማሪ ዓይን ሊያመልጡ ይችላሉና ማኅተሙ ማብሰልን አይተካም።

ታዲያ ወዳጅ ጥሬ ሥጋ አስቆርጦ ቢጋብዝ ምን ይደረጋል? ትልቁ ችግር በእርግጥ ይህ ነው፤ ሥጋውን ከመፍራት ይልቅ ወዳጅን ማስቀየም ይፈራልና። እኛ የምንመክረው ግብዣውን ተቀብሎ አበሳሰሉን መለወጥ ነው። ታላቅ ሰው የጋበዘ እንደ ሆነ፣ «አያ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ጉርሻዎ ግን ከብስሉ ይሁንልኝ» ቢሉት የሚቀየም ሰው አይገኝም። ከዚያው ብልት ግማሹ ደኅና ሆኖ ይጠበስ። አንድ ሰው ይህን በግልጥ ሲናገር፣ በልቡ ፈርቶ ዝም ያለ ሁለተኛ ሰው ከዚያው ገበታ ዙሪያ «ለእኔም እንዲሁ» ማለቱ የተለመደ ነው።

ትሉ የያዘው ሰው በቤት ውስጥ በግምት ኮሶ ከመጠጣት ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የኮሶ መጠን ሲበዛ ዓይንን እስከ መጉዳት ይደርሳል፤ በጤና ድርጅት የሚሰጠው መድኃኒት ግን በልክ የተመጠነ ነው።

በመንገድ ላይ ምን እንምረጥ?

መንገደኛ ቸኩሎ ስለሚበላ የሚመርጥበት ጊዜ ጥቂት ነው። ስለዚህ አንድ ቀላል ደንብ ይያዝ፤ ይኸውም ከእሳት ወርዶ ወዲያው የቀረበውን መብላት ነው። በሸክላ እየተንተከተከ የሚመጣ ሽሮ፣ በፊታችሁ የተጠበሰ ሥጋ፣ አስኳሉ የረጋ እንቁላል፣ በአዊ ምድር በብዛት የሚበቅለው ድንች ከነልጣጩ ተቀቅሎ፣ የፈላ ሻይና ቡና፣ በራሳችሁ እጅ የተላጠ ሙዝና ብርቱካን፣ እነዚህ ለመንገደኛ የታመኑ ምግቦች ናቸው። ጧት ተሠርቶ እስከ ቀትር ለብ ብሎ የቆየ ወጥ፣ በማን ውሃ እንደ ታጠበ የማይታወቅ ሰላጣ፣ ዝንብ ያረፈበት ቁራጭ ፍሬ ግን ይቆዩ። የበሰለ ምግብ ሳይቀዘቅዝና ሳይሞቅ ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየ ተሕዋስያን ይራቡበታልና።

ይህ ነገር ሕዝብ በሚበዛበት ቀን ይብሳል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል በሚከበርበት ጊዜ እንጅባራ በእንግዳ ትሞላለች። እንዲህ ባለው ቀን ወጥ ቤቶች ከሌሊት ጀምረው ብዙ ምግብ ይሠራሉ፤ ምግቡም ተራውን እየጠበቀ ይውላል። ያን ጊዜ «ይሙቅልን» ማለት ብቻ አይበቃም፤ «ይፍላልን» ማለት ይገባል።

ስለ ውሃም እንዲሁ እንጠንቀቅ። እንጅባራን በመሰለ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ በደጋ አገር ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ያህል ማቆየት ይገባል። ወተትም ሳይፈላ አይጠጣ፤ ያልፈላ ወተት የሳንባ ነቀርሳንና ብሩሴሎሲስ የተባለውን ትኩሳት ከከብት ወደ ሰው ሊያስተላልፍ ይችላል።

ዘግይቶ የሚመጣ ሕመም

ብዙ ሰው ሆዱን ሲያመው የመጨረሻውን ምግብ ይከስሳል። ይህ ክስ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። አንዳንድ የተመረዘ ምግብ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያስመልሳል። ኮሌራ ከጥቂት ሰዓት እስከ 5 ቀን ይቆያል። ታይፎይድ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ተደብቆ ይሰነብታል፤ የኮሶ ትል ደግሞ ከወራት በኋላ ይገለጣል። በመንገድ የበላ ሰው ቤቱ ደርሶ፣ ጉዞውንም ረስቶ፣ ከልጆቹ ጋራ በአንድ ገበታ ሲቀመጥ ሕመሙ ያን ጊዜ ሊነሣ ይችላል። እንግዲህ የመንገዱ ምሳ ከተጓዡ አልፎ ጉዞውን ያላዩትን ልጆችም ይነካል። ሐኪም ዘንድ የቀረበ ሰው ባለፈው ሳምንት የትና ምን እንደ በላ መናገሩ ለምርመራው ይረዳል።

ለምግብ ቤት ባለቤቶች

በኒው ዮርክ ከተማ ሜሪ ማሎን የምትባል ወጥ ቤት ነበረች። እርሷ ራሷ ጤነኛ ትመስል ነበር፤ ነገር ግን የታይፎይድን ተሕዋስያን በሰውነቷ ተሸክማ ትኖር ነበር። በ1906 በአውሮፓ አቆጣጠር በአንድ ቤት ስትሠራ ከ11 ሰዎች 6ቱ ታመሙ። በእሳት ያበሰለችው ምግብ ያን ያህል አይጎዳም ነበር፤ ያልበሰለ ፍሬ ቆርጣ የጨመረችበት አይስክሬም ግን ለበሽታው መንገድ እንደ ሆነ መርማሪው ገመተ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። ጤነኛ የሚመስል ሠራተኛም ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ያልበሰለ ምግብ የሚነካ እጅ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ መታጠብ አለበት።

ስለዚህ የምግብ ቤት ባለቤቶች ሆይ፣ ሠራተኞቻችሁን በየጊዜው አስመርምሩ፤ ተቅማጥ የያዘውን ሠራተኛ ደመወዙን ሳትቆርጡ አሳርፉ፤ ደመወዙ የሚቆረጥበት ሰው ሕመሙን ይደብቃልና። ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት ቢላዋና መክተፊያ ሳይታጠብ እንጀራና አትክልት አይነካ። ሳሙናና ውሃ ከመጸዳጃ ቤቱ በር አይጥፋ።

ሕመም ቢያጋጥም

ተቅማጥና ማስመለስ የያዘው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ውሃና ጨው ከሰውነቱ ይጎድልበታል። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የተባለውን ዱቄት በንጹሕ 1 ሊትር ውሃ በጥብጦ ቀስ በቀስ መጠጣት ይገባል፤ የተበጠበጠውም ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይ። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ ኃይለኛ ትኩሳት፣ የዓይን መጎድጎድ ወይም የሽንት መጥፋት ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ወዳጅ አብሮ ከነበረ ከዚህ የበለጠ የወዳጅነት ሥራ የለውም፤ የታመመውን ብቻውን በማደሪያ ትቶ መንገዱን አይቀጥል።

አንባብያን ሆይ፣ ከወዳጆቻችሁ ጋራ ብሉ፣ ተጫወቱ፣ ተጎራረሱ። ሒሳቡን ለመክፈል ከመሽቀዳደማችሁ በፊት ግን ወደ ሳሙናው ተሽቀዳደሙ፤ ሥጋው ይብሰል፣ ውሃው ይፍላ። በአንድ ገበታ የተቀመጡ ሁሉ በጤና ተነሥተው በጤና ቤታቸው ሲገቡ ያን ጊዜ ግብዣው በእርግጥ ተፈጸመ ይባላል።