ላስታ የደረሰው የዓሣ ዘይት

ተከዜ ከላስታ ተራሮች ቢነሣም እዚያ ገና ጅረት ነው፤ ዓሣ አጥማጅ የሚያሠማራው ቁልቁል ወርዶ ከግድቡ ሐይቅ ሲደርስ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ለተቀመጠችው ላሊበላ የባሕር ዓሣማ ጭራሽ ሩቅ ነው። ዘይቱ ግን ሽቅብ ወጥቷል። ከውጭ የመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞት ይገባል፤ ወይም ከከተማ ፋርማሲ ይገዛል። ብልቃጡ ላይ «ኦሜጋ 3» ተጽፎበታል፤ ሲሰጥም «ኮሌስትሮል ያወርዳል» ተብሎ ነው።

አያወርድም። በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ስብ አንድ ዓይነት አይደለም። የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየተጠራቀመ የሚያጠብበው ኤልዲኤል የሚባለው ኮሌስትሮል ነው። ትራይግሊሰራይድ ደግሞ ሌላ ነው፤ ስኳርና አልኮል ሲበዛ ጉበት አብዝቶ የሚያመርተው ስብ። የዓሣ ዘይት የሚሠራው በዚህኛው ላይ ነው፤ ጉበት ወደ ደም የሚለቀውን መጠን ይቀንሳል። ኢፒኤና ዲኤችኤ የተባሉትን የዓሣ ቅባቶች በቀን 4 ግራም የሚወስድ ሕመምተኛ ትራይግሊሰራይዱ ከ20 እስከ 30 በመቶ ሊወርድለት ይችላል። ኤልዲኤል ግን ባለበት ይቆያል፤ ዲኤችኤ እንዲያውም ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በተለመደው የ1,000 ሚሊ ግራም ፍሬ ውስጥ ሁለቱ ቅባቶች ተደምረው 300 ሚሊ ግራም ገደማ ናቸው። አራት ግራም ለመሙላት በቀን 13 ፍሬ መዋጥ ነው! ጠዋት ጠዋት የምትዋጠው አንዷ ፍሬ ለትራይግሊሰራይድ ይህ ነው የሚባል ነገር አታደርግም።

ትልቁ መጠንስ ልብን ያድናል? በ2011 ዓ.ም. ይፋ በሆነ ጥናት ከ8,000 በላይ ሕመምተኞች ተሳትፈው፣ የተጣራ ኢፒኤ በቀን 4 ግራም የወሰዱት ላይ የልብና የደም ሥር አደጋ በ25 በመቶ ቀንሶ ታየ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ኢፒኤና ዲኤችኤ የተቀላቀለበት መድኃኒት ከ13,000 በላይ ሰዎች ላይ ተሞክሮ አንዳች ጥቅም አልተገኘበትም። በሁለቱም የልብ ምት መዛባት ጨምሯል። ክርክሩ አልተዘጋም።

ላስታ ግን የራሱ ኦሜጋ 3 አለው፤ ተልባ። ከተልባ ዘይት ግማሽ ያህሉ ኦሜጋ 3 ነው፤ ሆኖም ከዓሣው የተለየ ነው፤ ሰውነታችን ወደ ኢፒኤ የሚለውጠው ከመቶ ጥቂቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ትራይግሊሰራይድ ላይ የዓሣውን ሥራ አይሠራም። ይልቅ የተልባው ጉልበት ያለው ሲነከር በሚያዝለገልገው አሰር ላይ ነው፤ ኤልዲኤልን በመጠኑ ያወርዳል። ዘይቱ ለብቻው ሲወሰድ ይህ ውጤት አይታይም። ፍሬውም ሳይደቅ ከተዋጠ እንደገባ ይወጣል። «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» ያሉት ለሌላ ነገር ቢሆንም፣ እዚህ ላይ ሙቀጫው የግድ ነው። በጾም ተልባን ቆልተው ወቅጠው በውኃ የሚበጠብጡ እናቶች ይህን ማንም ሳይነግራቸው ያደርጉታል።

ዓሣን ከፍስክ የሚቆጥር ጾመኛ ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ፦ ዓሣው ራሱ ኢፒኤና ዲኤችኤን የሚያገኘው ከባሕር ውስጥ ደቂቅ አልጌ ነው። ከአልጌው በቀጥታ የተጨመቀ ዘይትም ይሸጣል። የብዙዎቹ ፍሬዎች ሽፋን ግን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚሠራ ጄላቲን ስለሆነ ብልቃጡን አገላብጦ ማንበብ ነው።

ኮሌስትሮል የሚያወርደው ስታቲን የተባለ መድኃኒት ታዞልዎት ከሆነ የዓሣ ዘይት አገኘሁ ብለው አያቋርጡት። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ፍሬውን ከመጀመርዎ በፊት ብልቃጡን ይዘው ሐኪምዎን ያማክሩ።