ሲጄን ማን አወፈረው?

ስለ ሮል ፕሌይንግ ጌም የሚጻፈው ነገር አብዛኛው የሚያወራው ብቻውን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የካራክተሩን ፀጉርና አፍንጫ ስለሚያስተካክል ሰው ነው። በኔ ዕድሜ ያለ የመቀሌ ልጅ ግን ካራክተር ያሳደገው ጌም ቤት ውስጥ፣ ተራ ከሚጠብቁ ልጆች ጋር ሆኖ ነው። እዚያ ደግሞ ካራክተር የማንም የግል ንብረት አልነበረም።

በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣውን ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ውሰዱ። ሮል ፕሌይንግ ተብሎ አይመደብም፤ ዋና ገጸ ባሕሪው ሲጄ ላይ ያለው አሠራር ግን በቀጥታ ከዚያ የተወሰደ ነው። በርገር ካበዛችሁለት ይወፍራል፣ አሁንም ከጨመራችሁለት ያስመልሰዋል። ጂም ብትወስዱት ጡንቻ ያወጣል። ካስራባችሁት መጀመሪያ ስቡ፣ ከዚያ የለፋችሁበት ጡንቻ ይሟሽሻል። ይህ ሁሉ የሚቀመጠው ፕሌይስቴሽን 2 ላይ በምትሰካ 8 ሜጋባይት ሜሞሪ ካርድ ውስጥ ነው፤ ሓወልቲ አካባቢ እናዘወትረው በነበረው ቤት ደግሞ ካርዷ አንድ ብቻ ነበረች። ጠዋት አንዱ ከፍሎ ጂም ያመላለሰውን ሲጄ፣ ከሰዓት ሌላው ጌሙ ውስጥ ያለው ዶሮ ቤት ክላኪን ቤል አስገብቶ ዶሮ በዶሮ ያደርገዋል። አመሻሽ ላይ ሦስተኛው ሚሽን ሊጨርስ ሲቀመጥ፣ ፖሊስ እያባረረው ሲጄ እግሩን ይጎትታል። «ማነው ያወፈረው?» ጩኸት ነው። ባለቤቱ ከመጋረጃው ጀርባ «የከፈለ ያበላል!» ይላል፤ በቃ፣ ክርክሩ እዚያው ያልቃል።

የሚገርመው፣ ያ ወፍራም ሲጄ የተጫዋቹን ጠባይም ይቀይር ነበር። መሮጥ ስለማያዋጣው መኪና መንጠቅ ይጀምራል፤ በእግር መጋፈጥን ይተዋል። ኒክ ዪ እና ጄረሚ ቤይለንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2007 ተቀራራቢ ነገር አሳይተዋል፦ በምናባዊ ዓለም ውስጥ ረዘም ያለ አካል የተሰጣቸው ሰዎች፣ ገንዘብ ለመከፋፈል ሲደራደሩ አጠር ያለ ከደረሳቸው ይልቅ ይጠነክሩ ነበር። አካሉን የመረጡት እነሱ አልነበሩም፤ የተሰጣቸው ነው።

ካራክተርን ሳይመርጡ መቀበል አዲስ ነገርም አይደለም። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 የጠረጴዛ ላይ ጌሙን ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን ሲያወጡ፣ ለተጫዋቹ የካራክተሩ ጉልበት፣ ብልሃት፣ ጥበብና ሌላውም በተራ ሦስት ዳይስ እየተጣለ ይወጣለት ነበር። የወጣለት ደካማ ከሆነ ደካማውን ይዞ ይገባል። መምረጥ የተስፋፋው በኋላ ነው፤ አሁንማ ጣሪያ ነክቷል። የባልዱርስ ጌት 3 ሠሪዎች፣ ጌሙ በ2023 በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ተጫዋቾች ካራክተር መፍጠሪያው ገጽ ላይ ያጠፉት ጊዜ ተደምሮ 88 ዓመት እንደሆነ ተናግረው ነበር። ፊት ሲያሳምሩ!

ነፃነቱን ሲያገኝ ሰው ምን ይመርጣል? ማስ ኢፌክት የተባለው ጌም ውስጥ ደግም ክፉም መሆን ይቻላል፤ ከሠሪዎቹ አንዱ እንደተናገረው 92 በመቶ ያህሉ ተጫዋች ደጉን መንገድ ይዟል። ክፉውን መስመር ስንት ለፍተው እንደጻፉት አስቡት። በ2021 እንደገና በወጣው እትም ደግሞ 32 በመቶው ተጫዋች ዋና ገጸ ባሕሪውን ኮማንደር ሼፐርድን ሴት አድርጎ ተጫውቷል። ጌም ቤት ቢሆን ይህ ቁጥር እንዲህ የሚሆን አይመስለኝም። ሞርታል ኮምባት ላይ ሴቷን ተፋላሚ ኪታናን የያዘ ወንድ ልጅ ምን እንደሚባል የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሁሉም ስኮርፒዮንን የሚሻማው ስለሚወደው ብቻ አልነበረም። ከኋላ የቆመው ልጅም አብሮ ይመርጥ ነበር።

ለዚህ ነው «ካራክተርህ አንተነትህን ያሳያል» የሚለው አባባል የማይዋጥልኝ። እኔ ያየሁት፣ ሰው ካራክተሩን የሚወደው ሲመርጠው ሳይሆን ሲንከባከበው ነው። ሲጄን ማንም አልመረጠውም፤ ጌሙ ሌላ ሰው አይሰጥም። ግን ሲወፍር የሚናደድ፣ ፀጉሩን በራሱ ሳንቲም የሚያስቆርጥለት ልጅ ሞልቶ ነበር።

ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ማብቂያ በኋላ፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ መቀሌ ውስጥ ስልክና ኢንተርኔት ሲጠፋ ካራክተርን መንከባከብ ሌላ መልክ ያዘ። በኢንተርኔት በሚሠራው የስልክ ጌም ፍሪ ፋየር ላይ ለወራት የተለፋበት አካውንት ሰርቨር ላይ ነው ያለው፤ ሰርቨሩ ደግሞ ከሌላ ዓለም እኩል ሆነ። የጎረቤቴ ልጅ በሶላር በሚሞላ ስልክ ያለ ኔት የሚሠራ ጌም እየተጫወተ፣ ፍሪ ፋየር ላይ ስላለው ካራክተር ግን ውጭ አገር እንዳለ ዘመድ ያወራ ነበር።

ሮል ፕሌይንግን መሞከር ፈልጋችሁ ስልካችሁ ደካማ ከሆነ ሻተርድ ፒክስል ደንጀንን አውርዱ። በጣም ትንሽ ነው፣ አንድሮይድ ላይ በነፃ ይገኛል፣ ያለ ኔት ይሠራል፤ ካራክተራችሁ ከሞተም ሞተ ነው፣ መመለስ የለም። መጀመሪያ የሚከፈትላችሁ ተዋጊው ብቻ ነው። ሌሎቹ የሚከፈቱት በአጨዋወታችሁ ነው፦ ጠላትን አዘናግታችሁ መምታት ስትለምዱ ሌባው ይመጣል፣ እየወረወራችሁ መምታት ስትለምዱ አዳኟ። ተዋጊውን ግን ቶሎ አትናቁት፤ ጀማሪን እንደሱ የሚታገሥ የለም።