የጢም መላጫ ዕቃ አያያዝ
የሚጣለውንና የሚጠበቀውን ስለ መለየት

ንጽሕናን መውደድ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዕውቀት ያልመራው ትጋት ዕቃን ያበላሻል፥ በሽታውንም ባለበት ይተወዋል። ይህን የምንጽፈው በሌላ ሰው ላይ ለመፍረድ አይደለም። በአያት ባለው ቤታችን በገዛ እጃችን ካደረስነው ጥፋት የተማርነውን ለአንባቢዎቻችን ለማካፈል ብቻ ነው።

አባታችን ከደብረ ብርሃን መጥተው በእኛ ዘንድ በሰነበቱበት ጊዜ፥ ከጐልማሳነታቸው ጀምሮ ሲገለገሉበት የኖሩትን የጢም መላጫ ይዘው ነበር። ዕቃው ሦስት ነበረ፤ ይኸውም ምላጭ የሚገባበት በክሮም የተለበጠ መላጫ፥ የእንጨት እጀታ ያለው የጠጉር ብሩሽ፥ ሳሙና የሚመታበት ኩባያ ነው። አንድ ቀን ጧት ታናሽ ወንድማችን በዚያው ምላጭ ተላጭቶ አገጩን ቈርጦ አገኘነው። አባታችንም ከሁለት ቀን በፊት በዚያው ምላጭ እንዲሁ ተቈርጠው ደማቸው ፈስሶ ነበር።

ምላጭ በደም የሚተላለፍ በሽታን እንደሚያዛምት ሰምተን ስለ ነበር እጅግ ደነገጥን። ወዲያው ምላጩን፥ መላጫውንና ብሩሹን ባንድነት በድስት ከተን አፈላናቸው። ይህም አልበቃ ብሎን፥ ውሃ ባልተጨመረበት በረኪና ሌሊቱን ሙሉ ዘፈዘፍናቸው። ሲነጋ ብናይ የብሩሹ ጠጉር ሟሙቶ ከሥሩ ይነቀላል፤ የእንጨት እጀታው ተሰንጥቋል፤ የመላጫው ክሮም ተልጦ ከሥሩ ያለው ብረት ጠቍሯል፤ ምላጩም ዝጓል።

አባታችን ዕቃውን አገላብጠው ከተመለከቱ በኋላ፥ «ልጄ፥ መጣል የሚገባው እኮ ምላጩ ነበረ። አንተ ምላጩን አነጻለሁ ብለህ ዕቃውን ሁሉ ጨረስኸው» አሉን። ይቅርታ ጠየቅናቸው፤ የተናገሩት ግን የነገሩ ሁሉ ፍሬ ነበረ።

ዕቃው ስለ ምን ተበላሸ?

የብሩሽ ጠጉር የእንስሳ ጠጉር እንደ ሆነ፥ ልክ እንደ ራሳችን ጠጉር ከፕሮቲን የተሠራ ነው። በረኪና ደግሞ ፕሮቲንን ይበላል። የፈላ ውሃ ጠጉሩን ያደርቀዋል፥ ጠጉሩን ከእጀታው ጋር ያያያዘውንም ሙጫ ያላላዋል፤ እንጨቱም ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ብዙዎቹ መላጫዎች ደግሞ ከዚንክ ቅይጥ ተሠርተው በስሱ በክሮም የተለበጡ ናቸው። በረኪናም ሆነ አቼቶ በልባጡ ሽንቍር ገብቶ ከሥር ያለውን ብረት ይበላዋል። አንድ ጊዜ የተላጠ ልባጥ በቤት ውስጥ አይጠገንም። በዚህ አጋጣሚ በረኪናንና አቼቶን ማደባለቅ ክሎሪን የሚባለውን መርዛም ጋዝ እንደሚያወጣ ማስጠንቀቅ ይገባናል።

በሽታውንስ ተከላከልን?

አልተከላከልንም። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ፥ ይኸውም ጉበትን የሚጐዳው፥ ከሰው አካል ውጭ በዕቃ ላይ ቢያንስ ሰባት ቀን ያህል ሕይወቱን ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ዓይን የማያየው የደረቀ ደም ይበቃዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች፥ ውሃ በከተማችን የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ «አፍልቼዋለሁ» ብሎ አንዱን ምላጭ ለሁለት ሰው ማዋል የማይታመን ነገር ነው።

ከሁሉ የከፋው ስሕተታችን ግን ሌላ ነበረ። ወንድማችን የተቈረጠው አስቀድሞ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዕቃውን ማፍላት ለእርሱ ምንም አይጠቅመውም። ማድረግ የነበረብን ቍስሉን በሳሙናና በውሃ ማጠብ፥ ሳይዘገይም ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ለሐኪም እንዲያስረዳ ማድረግ ነበረ። እኛ ግን ለድስቱና ለበረኪናው ስንጨነቅ አንድ ቀን አሳለፍን። በማግሥቱ እርሱም አባታችንም ሄደው ተመረመሩ።

በአገራችን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከሕፃናት መደበኛ ክትባት ጋር የተጨመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው፥ አድጎ ራሱ ካልተከተበ በቀር፥ በሕፃንነቱ ከዚህ መርሐ ግብር ያገኘው መከላከያ የለም። ዛሬ ጢማቸውን ከሚላጩት ወንዶች አብዛኞቹ ከእነዚህ ወገን ናቸውና፥ ስለ ምርመራና ስለ ክትባት ጤና ጣቢያን ይጠይቁ።

ስለ ብሩሽ የሚታወቅ አንድ ታሪክ

ብሩሽን መፍራታችን ያለ ምክንያት አልነበረም። አባ ሰንጋን የማያውቅ ገበሬ የለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜና ከዚያም በኋላ (እ.ኤ.አ. ከ1914 ጀምሮ) በእንግሊዝና በአሜሪካ አገር አያሌ ወታደሮችና ሌሎች ሰዎች ፊታቸውና አንገታቸው ላይ በአባ ሰንጋ ተይዘው ተገኙ። ነገሩ ሲመረመር መነሻው የጢም ብሩሽ ሆነ። ባጀር ከሚባለው አውሬ ጠጉር የሚሠራው ብሩሽ በጦርነቱ ምክንያት ስላነሰ፥ በሚገባ ካልነጻ የፈረስ ጠጉር የተሠራ ርካሽ ብሩሽ ይሸጥ ነበር። የአባ ሰንጋ ተሐዋስያን በደረቅ ነገር ላይ ለብዙ ዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ። ከዚህ የምንማረው፥ ምንጩ ያልታወቀና ሌላ ሰው የተገለገለበትን ብሩሽ አለመግዛት ነው። ከሰው ሠራሽ ጭረት የተሠራ ብሩሽ የእንስሳ በሽታን አያመጣም፤ ፈጥኖም ይደርቃል።

ምላጭ ስለ ምን ይደነዝዛል?

ብረትን ጠጉር እንዴት ያደነዝዘዋል የሚል ቢኖር፥ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 መልሱን አሳይተዋል። ጠጉር ከምላጭ ብረት 50 ጊዜ ያህል የለሰለሰ ቢሆንም፥ ስለቱን ደካማ በሆነበት ቦታ ሲያገኘው ጥቃቅን ቅራፊ ያነሣበታል። የተቀረፈ ስለት ደግሞ ቆዳን ይጐትታል፥ ያቈስላልም። ውሃ የጠጣ ጠጉር ከደረቅ ጠጉር ይልቅ በቀላሉ ይቈረጣልና፥ ጢምን አስቀድሞ ማራስ ለቆዳም ለምላጭም ይበጃል።

እንግዲህ የሚከተለውን እናሳስባለን።

1ኛ/ ምላጭ የአንድ ሰው ብቻ ነው። አባትና ልጅም ቢሆኑ፥ ባልና ሚስትም ቢሆኑ አይዋዋሱት። ጠጉር አስተካካይ ዘንድ የሄደ ሰው አዲስ ምላጭ ፊቱ ሲከፈት ይመልከት፤ ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

2ኛ/ ከመላጨት በፊት ፊትን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ማራስ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት አንድ ኩባያ ለዚህ ይበቃል። ብሩሽ ለብ ያለ እንጂ የፈላ ውሃ አይንካው።

3ኛ/ ጢም ወደ በቀለበት አቅጣጫ ይላጭ። የተጠቀለለ ጠጉር ያለው ሰው ቆዳውን ወጥሮ ወደ ላይ ቢላጭ፥ የተቈረጠው ጫፍ ተመልሶ ወደ ቆዳ ይገባና ሽፍታ ያወጣል።

4ኛ/ ከተላጩ በኋላ መላጫውን ፈትቶ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ፥ አራግፎም ማድረቅ። ስለቱን በጨርቅ መወልወል ምላጩንም ጣትንም ይጐዳል።

5ኛ/ ብሩሹን ሳሙናው እስኪወጣ ማጠብ፥ አራግፎም አየር በሚያገኝበት ቦታ ጠጉሩን ወደ ታች አድርጎ መስቀል። ውሃ ባለበት ኩባያ ውስጥ ትቶ መሄድ እጀታውን ያበሰብሳል።

6ኛ/ መላጫው ሲያድፍ ለስላሳ ሳሙናና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃዋል። በረኪናም አቼቶም አይንካው።

7ኛ/ ምላጩ መጐተት ወይም ማቃጠል ሲጀምር፥ የዛገም እንደ ሆነ ይጣል። ሲጣልም ክዳን ባለው ቆርቆሮ ይከተት እንጂ በከረጢት ከሌላ ቆሻሻ ጋር አይደባለቅ፤ ቆሻሻችንን በየቤቱ እየዞሩ የሚሰበስቡልን ሰዎች እጃቸው እንዳይቈረጥ።

ለአባታችን አዲስ መላጫና ብሩሽ ገዛንላቸው፤ ወንድማችንም የራሱን ያዘ። የድሮው ዕቃ ግን አልተመለሰም። አንባቢዎቻችን በእኛ ጥፋት ተምረው፥ ምላጩን በጊዜው ይጣሉ፥ ዕቃውን ይጠብቁ፥ የተቈረጠም ሰው ቢኖር ከዕቃው አስቀድመው ሰውየውን ይርዱ።