«መትረየስ» ስለሚለው ቃል

መትረየስ የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ነው። መሠረቱም በመድፍ ተጐርሶ የሚተኰስን ቍርጥራጭ ብረት የሚያመለክት ስም ነው። በአማርኛ መትረየስ ስንል ቃታው እንደ ተሳበ ያለማቋረጥ የሚተኵስ መሣሪያ በሐሳባችን ይመጣል። ችግሩ የሚነሣው በ1870 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረውን የፈረንሳይና የፕሩሲያ ጦርነት የሚመለከት ጽሑፍ ስንተረጕም ነው።

ፈረንሳዮች ያን ጊዜ ያሰለፉት መሣሪያ በአንድነት የታሰሩ 25 አፈ ሙዞች ነበሩት፤ እንደ መድፍ በመንኰራኵር ላይ ተጭኖ በእጅ መዘውር ይተኰስ ነበር። 25ቱ ጥይቶች ሲያልቁ ተኳሹ ጥይቶቹ የተሰኩበትን ብረት አውጥቶ ሌላ መተካት ነበረበት። መሣሪያው በብርቱ ምስጢር ተይዞ ስለ ቈየ ብዙዎቹ ተኳሾች በቂ ልምምድ ሳያገኙ ወደ ጦር ሜዳ ወጡ። አዛዦቹም እንደ መድፍ ቈጥረው ከሩቅ አሰለፉት፤ የፕሩሲያ መድፎች ግን በርቀት ይበልጡት ነበር። (ከመድፍ ቤት የመጣው ስሙ ለዚህ ስሕተት አግዞ ይሆን? እንጠይቃለን እንጂ አንፈርድም።) ሆኖም ኦገስት 18 ቀን 1870 በግራቭሎት የፕሩሲያን እግረኛ ክፉኛ ጐድቷል።

እንግዲህ ተርጓሚው «መትረየስ» ብሎ ብቻ ቢያልፍ፣ አንባቢው ማክሲም በ1884 የሠራውን ዐይነት አውቶማቲክ መሣሪያ ያስባል፤ የተኳሾቹም ግራ መጋባት ምክንያት ያጣል። «መድፍ» ቢለው ደግሞ በአዛዦቹ ስሕተት ይተባበራል። እኛ «ባለ ብዙ አፈ ሙዝ መትረየስ» የሚለውን እንመርጣለን። ረዘም ይላል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከተገለጠ በኋላ በ«መትረየስ» መቀጠል ይቻላል። የአሜሪካው ጋትሊንግ ግን አፈ ሙዞቹ የሚሽከረከሩ ስለ ሆነ በገዛ ስሙ ቢጠራ ይሻላል።