የጨለለቃ ጥቁር ጭቃ

ከሐዋሳ ባህል አዳራሽ ተነስቶ ወደ ሻሸመኔ የሚጓዝ ሰው በከተማዋ መውጫ ላይ የጥቁር ውኃን ወንዝ ይሻገራል። ብዙው ተሳፋሪ ልብ አይለውም። የሐዋሳ ሐይቅ ከምድር ገጽ የሚቀበለው ቋሚ ወንዝ ግን ይኸው አንዱ ነው። ከወንዶ ገነትና ከምሥራቁ ደጋ የሚወርዱት ጅረቶች በቀጥታ ሐይቁ ውስጥ አይገቡም። መጀመሪያ ከከተማዋ በስተምሥራቅ በተንጣለለው በጨለለቃ ረግረግ ውስጥ ተኝተው፣ ተንቀርፍፈው፣ ከዚያ በኋላ ነው ተሰብስበው ጥቁር ውኃ የሚሆኑት።

ስለ ረግረግ ሲወራ ወሬው ወይ ስለ ወፎቹ ነው፣ ወይ ስለ ወባው። ስለ ጭቃው የሚያነሳ የለም። እኔ ግን ከወፎቹ ይልቅ ጭቃው ይደንቀኛል።

ደረቅ መሬት ላይ የወደቀ ቅጠል ዕድሜው አጭር ነው። በሐዋሳ ሙቀት ምስጡ፣ ፈንገሱና ባክቴሪያው ተረባርበው አብዛኛውን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጡታል። ለዚህ ሥራ ኦክስጅን ያስፈልጋቸዋል። አፈሩ በውኃ ሲጠግብ ነገሩ ይገለበጣል። ኦክስጅን በውኃ ውስጥ የሚሰርገው በአየር ውስጥ ከሚሰርግበት ፍጥነት 10,000 ጊዜ ያህል ዘግይቶ በመሆኑ፣ ከላይ የሚመጣው ታች ሳይደርስ ያልቃል። ከዚያ በታች ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሬትን፣ ማንጋኒዝን፣ ብረትንና ሰልፌትን በየተራ እየተጠቀሙ ይኖራሉ። ተራው ወደ ታች በወረደ ቁጥር የሚያገኙት ጉልበት ስለሚያንስ ሥራቸው እየዘገመ ይሄዳል። ፊላው፣ ደንገሉና ቄጠማው ደግሞ ማደጋቸውን አያቋርጡም። ከሚበሰብሰው የሚጨመረው ሲበልጥ ጥቁር አፈር ይከማቻል።

ለሲዳማ እናቶች ይህ ብልሃት እንግዳ አይደለም። የተፋቀውን እንሰት በኮባ ቅጠል ሸፍነው፣ አየር እንዳይገባው ጠቅጥቀው ጉድጓድ ውስጥ ሲቀብሩት ቆጮው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። በረግረግ ውስጥ ክዳኑ ውኃው ነው።

የአፈር ሊቃውንት እንዲህ ያለውን አፈር ኦርጋኒክ ብለው የሚመድቡት ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ ያህሉ ካርቦን ሲሆን ነው። ንብርብሩ 40 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ ደግሞ ሂስቶሶል ይባላል። አፈሩ የሚያድገው በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ያ 40 ሴንቲ ሜትር 400 ዓመት የፈጀ ነው ማለት ነው። ከደጋ የሚመጣ ደለል ሲበዛበት ግን ብስባሹ በአሸዋና በሸክላ ይቀየጥና ጥቁሩ አፈር ሳይበረታ ይቀራል። በጨለለቃ ያለው ትግል ይህ ነው፤ ከታች እጽዋቱ አፈር ይሠራሉ፣ ከላይ ጎርፉ ደለል ይጭንባቸዋል።

የዚህ ዓይነት አፈር ሌላው ሰፊ ቤቱ የሐሩር አገሮች ባሕር ዳርቻ ነው፤ ባሕሩ በአብዛኛው በቀን ሁለት ጊዜ እየሞላና እየጎደለ የሚያጥበው የማንግሮቭ ረግረግ። ልዩነቱ ጨው ላይ ነው። የባሕር ውኃ ሰልፌት የሞላበት በመሆኑ በሰልፌት የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ምድርን የሚያሞቀውን ሚቴን ጋዝ የሚያመርቱትን በሽሚያ ያሸንፏቸዋል። ስለዚህ የባሕሩ ረግረግ የበሰበሰ እንቁላል ቢሸትም ሚቴን የሚለቀው ጥቂት ነው፤ ሰማያዊ ካርቦን እየተባለ የሚሞገሰውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ምስጋናው ግን ውኃው እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ባክቴሪያዎቹ ከሰልፌቱ ያወጡት ሰልፋይድ ከብረት ጋር ተጣምሮ የሠራው ፓይራይት አየር ሲነካው የሰልፈር አሲድ ይወጣዋል። በደቡብ ምሥራቅ እስያ ውኃውን አስወጥተው ሩዝ የዘሩ ሰዎች መሬታቸው በአሲድ ሲበላሽ ያዩት ለዚህ ነው። እኛ ዛሬ ባሕር ዳርቻ የለንም።

የጨለለቃ ውኃ ግን ጣፋጭ ነው። ሰልፌቱ ትንሽ በመሆኑ ሚቴን አምራቾቹ እንደልባቸው ይሠራሉ። ረግረግ ሁሉ ለአየር ንብረት መድኃኒት ነው ብሎ መስበክ እንግዲህ ትክክል አይደለም። ሆኖም ሂሳቡ ሲጠቃለል የተቀበረው ካርቦን ከባድ ነው። በመካከለኛው ኮንጎ ረግረግ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው ጥናት ከ145,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በሚበልጥ መሬት ሥር 30 ቢሊዮን ቶን ያህል ካርቦን እንዳለ ገምቷል። የምድርን የብስ 3 በመቶ ገደማ የሚሸፍነው እንዲህ ያለው አፈር በዓለም ደኖች ሁሉ ግንድና ቅጠል ውስጥ ካለው የበለጠ ካርቦን ይዟል።

ውኃው በቦይ ሲወጣ የሚሆነውን ማየት ለሚፈልግ እንግሊዝ አገር አንድ ምስክር ቆሟል። ሆልም ፌን በተባለው ረግረግ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ አንድ የብረት ምሰሶ ጫፉ ከመሬት እኩል እስኪሆን ተቀበረ። ዛሬ ምሰሶው 4 ሜትር ያህል ከመሬት በላይ ይታያል። ምሰሶው ንቅንቅ አላለም፤ የወረደው መሬቱ ነው። ከፊሉ ውኃው ሲለቀው ታምቋል፣ ከፊሉ ደግሞ አየር አግኝቶ በስብሶ ወደ ሰማይ ሄዷል። ይህ የሆነው በብርድ አገር ነው፤ በሙቅ አገር ባክቴሪያው ይፈጥናል።

ጨለለቃ በ1960ዎቹ ክፍት ውኃ ያለው ሐይቅ ነበር። የደጋው ደን ሲመነጠር ደለሉ በዛ፣ ጅረቶቹም ለመስኖ ተጠለፉ፤ በጥቂት አስርት ዓመታት ውስጥ ሐይቁ ረግረግና የግጦሽ መስክ ሆነ። ዳር ዳሩን የሚያርሰው ገበሬ አይፈረድበትም፤ ጥቁሩ አፈር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥሩ ያበላል። የሚያበላው ግን እየተቃጠለ ነው።

ከተማዋ ስለ ሐይቁ ስታስብ ዓይኗ ዳርቻው ላይ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሐይቁ ሞልቶ ባሰጋ ጊዜም ምላሹ በዳርቻው የተሠራው የጎርፍ መከላከያ ነበር። ዳርቻውን መጠበቅ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ የሐዋሳ ሐይቅ በምድር ገጽ የሚወጣ ወንዝ ስለሌለው፣ ጨለለቃ ያላስቀረው ደለል ሁሉ እዚያው ይቀራል። ሐይቁን ለማዳን ገንዘብ የሚመድቡ ሰዎች ከጥቁር ውኃ ድልድይ በላይ ያለውን ጭቃ ያስቀድሙ፤ አዲስ ቦይ እንዳይቆፈርበትም ይከልክሉ።